መሬት ያልፈታት

መቃብር ቆፋሪው ጁማ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብሎ፣ «ኑኃሚንን ጥሯት፤ ሌላ ሰው እንዳይመጣ» አለ። ሌላ ሰው ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር። ቀብር ላይ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ሄዶ የማያይ የለም።

ኑኃሚን የአባቷን ቃሬዛ ትታ በመቃብሮቹ መካከል መጣች። አባቷ ገብረ ክርስቶስ ሊሞት ሲል የለመነው አንድ ነገር ነበር፤ «ከወይኒቱ ጋር አድርጉኝ።» ታላቅ እኅቷ ወይኒቱ ጅዳ በሰው ቤት ስትሠራ ሞታ፣ በሣጥን ተልካ እዚህ ከሐይቅ ከተማ በላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከተቀበረች ሰባት ዓመት አልፏታል። ሰባት ዓመት ያለፈው መቃብር ይከፈታል፤ ዐፅሙ ወደ ጥግ ይሰበሰብና ለዘመድ ቦታ ይለቀቃል። ወጉ ይኸው ነው። አባት ከልጁ ዐፅም አጠገብ ሊተኛ ነበር መቃብሩ የተከፈተው።

ዐፅም ግን አልነበረም።

የሣጥኑ እንጨት በስብሶ ከሥሩ ቆርቆሮ ወጥቷል። ጁማ ቆርቆሮውን በዶማው ጫፍ ፈልቅቆ ሲያነሣው ወይኒቱ እንደተኛች ናት። ፊቷ ጠቁሮ እንደ ቁርበት ደርቋል፤ ግን ፊቷ ነው። ቅንድቧ አለ። በልጅነቷ ከአጥር ወድቃ አገጯ ላይ የቀረው ጠባሳ እንኳ አለ። ኑኃሚን አልተቀመጠችም። ከተቀመጠች ደግፈው እንደሚያነሷት፣ ካነሷት ደግሞ ከዚያ እንደሚያርቋት ታውቃለች።

ከሴቶቹ አንዷ፣ «ቅድስት ናት እንዴ?» ብላ ልትሳለም ጎንበስ ስትል ፍቅርአዲስ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች።

«የቅዱሳን ሥጋ ዕጣን ዕጣን ይላል። ይች ክሊኒክ ክሊኒክ ነው የምትለው። ተሳለሚያት እስቲ፣ መርፌ ካማረሽ።»

ፍቅርአዲስ የወይኒቱ የክርስትና እናት ናት። በሰማንያ ቀኗ በክንዷ ታቅፋ ያስጠመቀቻት፣ በኋላም ልጅቷ «ራህማ» በሚል ስም ፓስፖርት አውጥታ ዐረብ አገር ስትሄድ ፊቷን ያዞረችባት። ስሙን የጣለችው ወይኒቱ ናት፤ በወዲያኛው ዓለም ስለ እሷ የሚጠየቀው ግን ያስጠመቃት ነው። ይህ ነገር ሴትዮዋን ሲያቃጥላት ኖሯል።

«መሬት ተፋቻት» አለች አሁን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማት። «ያልተፈታ ሰው አይፈርስም። ራህማ ነኝ ብላ ሄደች። ራህማን እዚህ ማን ያውቃታል?»

«ኧረ እትዬ» አለ ጁማ ከጉድጓዱ ውስጥ። «በዚህ አገር የአያቱ ስም ያልተደባለቀ ማን አለ? ያንች አያት አሊ አይደሉም እንዴ?»

«አሊ ሲሞት በወጉ ፈርሷል። ሰው ነበራ።»

ሰዉ ሳቀ። ቃሬዛው ላይ ያለውን ረስቶት ነበር።

ቄስ ትዕዛዙ መስቀላቸውን እንደያዙ መጥተው አዩ። ወይኒቱን ያኔ የፈቷት እሳቸው ናቸው። ፍትሐት በዚያ አገር ሰው ልብ ውስጥ ሁለቱንም ይፈታል፤ ነፍስን ከማሰሪያዋ፣ ሥጋን ወደ አፈሯ። ያልፈረሰ ሥጋ ማለት በደንብ ያልተጸለየበት፣ ወይም ጸሎት የማይዘው ሥጋ ነው።

«አባ፣ መድኃኒት ነው» አለች ኑኃሚን። ደሴ ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች፤ ስለ ግብፅ ነገሥታት ሬሳ ስትነግራቸው ተማሪዎቿ እንዲያ ዝም የሚሉበት ሌላ ክፍለ ጊዜ የለም። «ሬሳ በአውሮፕላን ሲጫን እንዳይሸት ደም ሥሩ ውስጥ ፎርማሊን ይጨምሩበታል። ግብፆች በጨውና በሙጫ ያደርጉት የነበረውን ነው። ከዚያ በቆርቆሮ አሽገዋታል። አፈርም ውኃም አልነካት።»

«እውነቷን ነው» አለ ጁማ። «ጅዳ ሳለሁ አይቻለሁ። በእኛ በእስላሞቹ ዘንድ ሬሳ መብሳት አይወደድም፤ ካልተወጋ ግን አያሳፍሩትም።»

«ይኸው» አለች ፍቅርአዲስ፣ «ለራህማ ጁማ መሰከረላት።»

ቄሱ በመስቀሉ ዝም አሰኟት። «የጥንት አባቶችም ሙታናቸውን በሽቱና በከርቤ ያሹ ነበር። ያሹት ግን የሚወዷቸው ናቸው፤ ለክብር። ለዚች ማን አዘዘላት? ያሠሯት ሰዎች?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ የፈሩት ሕዝቡን ነው። «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ እዚህ ልመልሳት አልችልም። አባትሽን ለብቻው እንቀብረዋለን። እሷ ከቅጥር ትውጣ።»

ከቅጥር ውጭ ማለት ገደሉ አፋፍ ነው። ራሳቸውን ያጠፉ የሚጣሉበት፣ ድንጋይ እንኳ የማይደረግበት ቦታ።

«መድኃኒት ነው አልኩኮ።»

«መምህር፣ እንግዲያስ ፀሐይ ላይ እናውላት» አለች ፍቅርአዲስ። «መድኃኒትማ ይተናል።»

ይህን ስትል ለሳቅ ነበር። ከኋላ የቆመ ሰውዬ ግን ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «የት እናስጣት?» አለ፤ እንደ እህል። ሁለት ሰዎችም ቆርቆሮውን ከምር ያዙት።

ኑኃሚን ያን ጊዜ ገባት። እውነቱን ዐሥር ጊዜ ብትደግመው እዚህ ሰው ዘንድ ቦታ አይዝላትም። የሚይዘው ሌላ ነው።

«አባ፣ ያኔ በማን ስም ነው የፈቷት?»

«በወለተ ሥላሴ።»

«ማን ነገረዎት?»

«የክርስትና እናቷ ናታ። አባትሽ እንደሆነ በለቅሶ አፉ ተይዞ ነበር።»

ወለተ ሥላሴ የወይኒቱ የክርስትና ስም ነው። ኑኃሚን ይህን አሳምራ ታውቃለች።

«ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ» አለች። «እኅቴ ወለተ ማርያም ናት።»

ቆርቆሮውን የያዙት ሰዎች ለቀቁት።

ሊያስተባብላት የሚችል አልነበረም። እናቷ ድሮ ሞታለች። የራሷ የክርስትና እናትም ሞታለች። እሷ የምትቆርበው ደሴ ነው፤ እዚህ በክርስትና ስሟ የሚጠራት የለም። አባቷ ተገንዞ ቃሬዛ ላይ ነው።

«ትዋሻለች» አለች ፍቅርአዲስ። «በእኔ ክንድ ላይ… የሥላሴ ዕለት ነበር፣ ዝናብ ነበር…» ቆም አለች። «ወይስ የማርያም ዕለት ነው ዝናብ የነበረው?»

ያችን «ወይስ» ሁሉም ሰማት።

«ሰባት ዓመት አስረሽ ያስቀመጥሻት አንች ነሻ» አለች ቅድም ልትሳለም የነበረችው።

«በቁሟ ያለችውን ልጅ ከሙታን ቆጥረሽ አስፈታሻት።»

«ኑኃሚንንስ ባሏ የፈታት ለምን መሰላችሁ? ፍትሐት ተደርጎባት፤ ልጅስ ከየት ይምጣላት?»

የመጨረሻው የተነገረው ለኑኃሚን በማዘን ነበር። ዋጠችው። ጁማ ቀና ብሎ ትኩር አድርጎ አያትና ወደ አፈሩ ተመለሰ። ሴቶቹ ፍቅርአዲስን በክርናቸው እየገፉ ከመካከላቸው አወጧት። ነጠላዋ ወደቀ፤ ያነሣላት አልነበረም፤ ረገጡት።

«ስሟ ካልተጠራ ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አሉ ቄስ ትዕዛዙ፤ ሸክም የወረደላቸው ሰው ይመስሉ ነበር። «እንደገና እንፈታታለን። ከአባቷ ጋር።»

ወይኒቱን ከቆርቆሮው አውጥተው በአዲስ አቡጀዲ ጠቀለሏት። ጸሎቱ ተጀመረ። ገብረ ክርስቶስ ይባላል፣ ወለተ ማርያም ይባላል፣ አፈርና ትቢያ ይባላል። ወለተ ማርያም የኑኃሚን ስም ነው። በተጠራ ቁጥር «አቤት» የሚለው አፏ ድረስ ይመጣል፤ ጥርሷን ትነክሳለች። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አገር ይህ ስም የሞተች ሴት ነው። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ወረዱ፤ አፈሩ ተመለሰ።

ሰዉ ወደ ድንኳኑ መውረድ ሲጀምር ፍቅርአዲስ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነይ ያላት የለም። እጅ ማስታጠቢያ የያዘችው ሴት ሌላውን ሁሉ አስታጥባ እሷን ዘላት አለፈች። ኑኃሚን ስታልፍ አሮጊቷ ቀሚሷን ያዘች።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ? እውነት ተሳስቼ ነው? ያን ቀን ካህኑ ስሟን ሲሉኝ ሰምቼ ነበር። እስከ ዛሬ ጧት ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አሁን ስፈልገው የለም።»

ሰዎቹ ገና አልራቁም። ዶማውም አካፋውም በእጃቸው ነው፣ አፈሩም ገና ልል ነው። ቢመለሱ ለመክፈት አይደክሙም።

«ተሳስተሽ ነው፣ እትዬ» አለቻት ኑኃሚን።

ፍቅርአዲስ ራሷን ነቀነቀች። ቀሚሷን ለቀቀችና በዚያው እጇ መሬቱን ተደግፋ ለመንበርከክ ታገለች፤ ጉልበቷ እሺ አላላትም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች።

«ሳልሞት ይቅር በይኝ» አለች። «ስለ እሷም፣ ስለ አንችም። ልጅ አጥተሽ ትዳርሽ ስለ መፍረሱም።»

ኑኃሚን ወደ መቃብሩ ዘወር ብላ አየች፤ ጁማ የመጨረሻውን ድንጋይ እያስተካከለ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሮጊቷን በክንዷ ደግፋ አነሣቻትና ይቅር አለቻት።