የግራው እግር ልኬት

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ የተመሰከረለት። የልጅቷ ግራ እግር ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ቀስ በቀስ ሲያብጥ፣ እናት የምታውቀውን አደረገች፤ የሱሪውን ግራ ጎን ተርትራ አሰፋችው። እግሩ ጨመረ፣ እሷም ጨመረች። ሱሪው ድንኳን አከለ፤ ጎረቤት ግን እስካሁን ነገሬ አላለም። ልጅቷ የምትወደውን የመረብ ኳስ ቁምጣ ስለሚያስለብስ ተወችው፤ ሲጠይቋት "ሰለቸኝ" ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ሁለቱም ያውቁታል፤ ተረት ግን ለሌላ ሰው ሲሆን ይቀላል።

አንድ ቀን እግሩ ቀልቶ ተኮሰ፤ ልጅቷም በትኩሳት ተንቀጠቀጠች። ያኔ መደበቁ አበቃ። ሐኪሙ በመድኃኒት ካበረደላት በኋላ ወደ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት፣ ወደ አካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ፣ ላካት።

"ከደረጃ ስዘል ነው ያመጣሁት" አለች ልጅቷ አንገቷን ደፍታ።

"ኧረ ደረጃው ምን በወጣው!" አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። "ሰውነታችን ውስጥ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ በቀጫጭን ቱቦዎች ይመለሳል። የዚህ እግርሽ ቱቦዎች ከተፈጥሮሽ ጥቂት ናቸው፤ ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ ይጠራቀማል። ሊምፈዲማ ይባላል።"

ጥፋቷ እንዳልሆነ ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ደረጃ ስትረግም ኖራለች።

"ይድናል?"

"ጨርሶ አይጠፋም። ግን መቆጣጠር ይቻላል። ቆዳሽን ጠብቂ፣ ተንቀሳቀሺ፣ ቀን ቀን ይህን ጠባብ ስቶኪንግ፣ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋውን ረጅም ካልሲ፣ አድርጊ።"

"ጠባብ?" እናት ደነገጠች። "እኔ እኮ ሳሰፋላት ነው የኖርኩት!"

"ሱሪው እግሯን አላሳበጠውም፣ እናቴ። ግን ደብቆ አቆየብን።"

እናት ስቶኪንጉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት ስቶኪንጉን ለማልበስ ሲታገሉ ሁለቱንም ላብ አጠመቃቸው። "ይሄን የሠራ ሰው ቂም አለበት!" አለች እናት፤ ልጅቷም ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች። እናት ያን ድንኳን ሱሪ አንስታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

"ላጥብብልሽ፣ ሚጣዬ?"

"ሱሪውን ተዪው። ቁምጣ ስፊልኝ።"

የእናት እጅ ቀጥ አለ። "ስቶኪንጉ ይታያል እኮ።"

"ይታይ።"

እናት ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ተንበረከከች፤ ግራውንም አስቀድማ ለካች።