ጋቢናው የማን ነው?

ሰው ሲታመም ያሳዝናል። ታሞ ሲያበቃ ሌላውን ሲወነጅል ግን ደም ያፈላል። ኢቲዳል ሕመሙን ራሷ አሳምራ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሸርቆሌ አሶሳ በመኪና በመጣች ቁጥር የበላችውን መንገድ ላይ ትታ የምትወርድ ልጅ ነበረች። ያንገበገባት የመምህሯ ዓይን አውጣነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢቲዳል አሶሳ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምራ ለመመረቅ አንድ ሥራ ብቻ ይቀራታል። ሥራውም አስፈሪ ጌም ነው። ዓይን ላይ የሚጠለቀውን፣ ቪአር የሚሉትን መነጽር ኮሌጁ አንድ ለእናቱ አለው። እሱን ያጠለቀ ሰው ጨለማ ውስጥ፣ በማንጎ ዛፎች መሃል ብቻውን ይሄዳል። ከኋላው ስሙ ይጠራል። ዞሮ ካየ አለቀለት! «ማታ ስምህ ቢጠራ ሦስተኛውን ሳትሰማ እንዳትመልስ» እየተባለ ያደገ ሁሉ ይህን ጨዋታ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

ችግሩ ሆድ ነው። እግር ቆሞ ዓይን ሲሄድ ሆድ ይጣላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሞከሩት ሦስት ጓደኞቿ ሦስቱም ሊያስመልሳቸው ወደ ግቢው አጥር ሮጡ። ኢቲዳል ግራ ገብቷት ስትብሰለሰል አጎቷ ማህጁብ ትዝ አላት።

ማህጁብ የእናቷ ወንድም ነው፤ «ኻሊ» ትለዋለች። ከአሶሳ ሸርቆሌ ሚኒባስ ይነዳል። ልጅ ሆና ሲያጥወለውላት ከኋላ አንስቶ ጋቢና ያስቀምጣትና ሎሚ ያስይዛት ነበር። አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ ስለማይለይ፣ «አንተ ሩቁን እይ፣ ሎሚውን አሽት፣ አንገትህን አታዙር» ይላታል። ያኔ ሸርቆሌ በሰላም ትገባለች።

እሷም ጌሙ ውስጥ ጋቢና ሠራች። ተጫዋቹ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ የማይነቃነቅ የመኪና መስኮት አለ፤ ማንጎዎቹ በግራና በቀኝ ያልፋሉ። ዞር ሳይል በዓይኑ ጥግ ብቻ የሹፌሩን ወንበር ሲያይ ማንም የለበትም። መኪናው ግን ይሄዳል! ስሙን የሚጠራው ደግሞ ከኋላ ወንበር ነው። እንዲህ ሲሆን ፍርሃቱ እጥፍ ሆነ፣ ማጥወልወሉ ጠፋ። ቆሞ መጫወት ለሚፈልግም የድሮውን አማራጭ ተወችለት። ሰባት ወር ፈጀባት።

አማካሪዋ መምህር ደባልቄ ይባላሉ። ከሌላ ክልል ተቀጥረው ከመጡ አምስት ዓመታቸው ነው። በሰባት ወር ውስጥ ሥራዋን ሁለቴ አዩ። አንዴ፣ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሏት። አንዴ ደግሞ ጋቢናውን አይተው፣ «ይኼ የሕፃን ማባበያ ነው፣ አውጪው» አሏት። አላወጣችውም።

ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ፈታኞቹ እሳቸውና የትምህርት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ በለጡ ናቸው። ማህጁብ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ከኋላ ተቀምጧል።

«ቲቸር፣ ቢቀመጡ ይሻላል። ጋቢናውን ልምረጥልዎ?» አለች ኢቲዳል።

«እኔ አሮጊት ነኝ እንዴ? ቆሜ ነው የማየው!»

አጠለቁ። ትንሽ ሄዱ። ከኋላቸው በታናሽ እህቷ ድምፅ የተቀዳው ጥሪ መጣ፤ «ደባልቄ!»

ሰው በጨለማ ሲጠራ ይፈራል። እሳቸው ግን ተቆጡ። «ማነው ደባልቄ የሚለኝ? ማዕረግ የለኝም?» ብለው ተሽከረከሩ። «ደባልቄ!» በሌላኛው በኩል ተሽከረከሩ። ሦስተኛው ሲመጣ ጠረጴዛውን ያዙ፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ማንም ከመቀመጫው ሳይነሳ ማህጁብ አጠገባቸው ደርሶ ነበር፤ ባንድ እጁ ፌስታል፣ በሌላው ሎሚ። መምህር ደባልቄ መነጽሩን ባንድ እጅ እያወለቁ ፌስታሉን በሌላው ተቀበሉና ሳያዩ፣ እፍ ብለው ከፈቱት። የለመደ እጅ ነው። ኢቲዳል ይህን አየች።

ታዲያ ሰውየው አፋቸውን ጠርገው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይኼ ሥራ ሰው ያሳምማል! አይጸድቅም!» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው።

«ቆይ እስቲ፣ እኔም ልሞክረው» አሉ ወይዘሮ በለጡ። «እኔ ከባምባሲ አሶሳ ስመጣ ሁለት ፌስታል የምጨርስ ሴት ነኝ። እኔን ካላሳመመ ማንንም አያሳምምም።» ተቀመጡ፣ ሎሚ ያዙ፣ ጋቢናውን አስመረጡ። የሹፌሩን ባዶ ወንበር ሲያዩ «በስመ አብ!» ብለው ጮኹ፤ ስማቸው ሲጠራ እግራቸውን አነሱ፤ ግን ፍንክች ሳይሉ እስከ መጨረሻ ሄዱ። ሲያወልቁ ይስቃሉ። «ነፍሴን አወጣሽው እኮ፣ አንቺ ልጅ! ሆዴ ግን ምንም አላለኝ። ይኼ ጋቢና የሚሉት ግሩም ሐሳብ ነው!»

ኢቲዳል ያን ቀን በእልልታ ቤቷ ገባች። ደስታዋ ግን ሁለት ቀን አልቆየም።

ረቡዕ የውጤት ቅጹ ደረሳት። ከታች በመምህር ደባልቄ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ሥራው ጥሩ ነው። ነገር ግን ዋናው ሐሳብ፣ ጋቢና የተባለው፣ የአማካሪው ስለሆነ ተማሪዋ በሚቀጥለው ዓመት የራሷን ሥራ አዘጋጅታ ታቅርብ።»

ጉድ በሉ! ሁለቴ አነበበችው። ቢሯቸው ሄደች።

«ቲቸር፣ ‹የሕፃን ማባበያ ነው፣ አውጪው› ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«አማካሪ ሲቃወምም ያማክራል» አሏት፣ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ።

ወይዘሮ በለጡ ጋ ሮጠች። እሳቸውም ተናደዱ፤ ግን፣ «ቅጹን የሚያርመው የጻፈው ሰው ነው። እስከ ቅዳሜ ካልፈረመልሽ እኔም እጄ ታስሯል» አሏት።

ማታ ለማህጁብ እያለቀሰች ነገረችው። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ «ኻሊ፣ ረዳትህ ‹ዓርብ ዓርብ ጋቢናው የቲቸር ነው› እያለ የሚጮኸው፣ ሸርቆሌ ሊያስተምር ለሚሄደው ነው አይደል? የትኛው ቲቸር ነው?» አለችው።

ማህጁብ ግን፣ «የተሳፋሪን ሕመም ሹፌር አያወራም። የሚያወራ ሹፌር መኪና ላይ ማን ይወጣል? አንተም አታወራም» አለ።

«አላወራም፣ ወላሂ። አንድ ቦታ ብቻ ያዝልኝ።»

ዓርብ መነሐሪያው ሞልቷል። መምህር ደባልቄ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው መጡና የጋቢናውን በር ሲከፍቱ፣ ከሹፌሩ ጎን ባለችው አንዲት ወንበር ላይ ኢቲዳል ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ቅጹ፣ ቅጹ ላይ ሎሚ።

«አንቺ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሸርቆሌ እናቴን ልጠይቅ፣ ቲቸር።»

«ይኼ ቦታ የተያዘ ነው።»

«ምነው? ከኋላ ጎማው ላይ ያለው ወንበር ባዶ ነው እኮ። ጋቢና የሕፃን ማባበያ ነው ብለውኝ የለ?»

ከኋላ የነበሩት ተሳፋሪዎች ሳቁ፤ ምኑ እንዳሳቃቸው ግን አያውቁም። ማህጁብ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል። መምህር ደባልቄ የኋላውን ወንበር አዩት፤ ከጀሪካንና ከማዳበሪያ ከረጢት መሃል ጠቧል። ወደ ሸርቆሌ የሚወስደውን ጠመዝማዛ አሰቡት መሰል ምራቃቸውን ዋጡ። «መኪና አይስማማኝም፣ እባክሽ ልቀቂልኝ» ቢሏት ወዲያው ትነሳላቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ትነሳ ነበር። ያቺ አንዲት ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣም።

«ቲቸር፣ እንሂድ እንጂ፣ መሸ!» አለ ረዳቱ፣ ገና በጠዋት።

እጃቸውን ወደ ቅጹ ዘረጉ። ቅጹን ሰጠቻቸው። የመኪናው አፍንጫ ላይ አስደግፈው የጻፉትን ሰረዙ፣ ከሥሩ ጻፉ፣ ፈረሙ። ኢቲዳል ተቀብላ ቃል በቃል አነበበችው፤ መኪናው ሙሉ ሰው ቆሞ ሲጠብቃት አልተጣደፈችም። «ሐሳቡም ሥራውም ሙሉ በሙሉ የተማሪዋ ነው። አልፋለች» ይላል።

ያኔ ወረደች። «እናቴን ሌላ ቀን እጠይቃታለሁ» አለች፤ ሎሚውንም እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

«እኔ ምንም አላወራሁ» አላት ማህጁብ፣ አሁንም ወደ ፊት እያየ። «አንተም ምንም አላወራህ።»

መምህር ደባልቄ ተቀመጡ። ኢቲዳል በሩን ከመዝጋቷ በፊት ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ ጋቢና መቀመጥ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው የሰው መንጠቅ ነው» አለቻቸውና በሩን ድርግም አድርጋ ወደ ኮሌጁ ሮጠች።