የበሩ ሽፋን ሲፈነቀል

እኔን ሞኝ ያለኝ ይሞኝ! የመኪናዬ ሬዲዮ እስፒከር መንኮሻኮሹ ሰበብ ነው፤ ደብረ ብርሃን መካኒኩ ፈረጅ ዘንድ የሄድኩት ዓይኑን አይቼ ልለየው ነው። ሚስቴን አመተ ማርያምን አንኮበር አባቷ ቤት ከሰደድኳት ሁለት ወር ሆናት። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልታየች ናት የነገረችኝ፤ «ፈረጅ ጋራዥ፣ ያንተው መኪና ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻቸውን!» ብላ። «ፈረጅ ጋ ምን ወሰደሽ?» ብላት ሚስቴ መሬት መሬቱን አየች። በቃ፣ ሂጂ አልኳት። አባቷ ሽማግሌ ቢልኩ መለስኩ፤ ደግመው ቢልኩም መለስኩ። ከሄደች ወዲህ እህል አይረጋልኝም፤ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ይህን ለሰው አልተነፍስም።

ፈረጅ የመኪናውን በር ሽፋን በካቻቢቴ ይፈነቅላል። አንዱ ክሊፕ ወጣ፣ አንዱ ተሰበረ፣ የመጨረሻው ንቅንቅ አልል አለ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። በዚህ ብርድ ምን ያልበዋል?

«ይህ በር ተከፍቶ ያውቃል እንዴ? ጠርዙ ተጭሯል» አልኩት።

ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ባንከፍተው ይሻልሃል፣ ወንድሜ» አለኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ክፈት ብያለሁ!»

ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠቅልሎ ክሊፑ ሥር ሰደደና ቀስ ብሎ አነሣው። ጧ! ሽፋኑ ተላቀቀ። ከእስፒከሩ ወረቀት ጋር የተጣበቀ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ወጣ።

«መተት!» ብዬ አንገቱን አነቅኩት።

«ወላሂ፣ የሚስትህ ነው፤ አንተን ከመንገድ አደጋ እንዲጠብቅ ብላ! የፊተኛውን ክታብ ጣርማ በር ላይ ገደል ወረወርክባት አይደል? ሌላ አስጽፋ አመጣችና፣ ‹ካየው ይጥለዋል፤ በሩ ውስጥ ደብቅልኝ፣ እንዳትነግረው› አለችኝ። ማልኩላት። እርጥበት አሳብጦት ነው እስፒከሩን የነካው።»

አንገቱን ለቅቄ ክታቡን ገለበጥኩት። የተሰፋበት ቀይ ክር ካፖርቴን የጣፈችበት ነው። አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ምነው እጄን በቆረጠው!

«ፈረጅ፣ እባክህ ሽማግሌ ሁነኝ። አንኮበር ድረስ ሄደህ ለምንልኝ።»

ፊቱ በራ። እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ነገ በጧት እንሄዳለን። ግን ሽማግሌ ነገሩን ሳያውቅ ምን ብሎ ይለምናል? በማን ጠርጥረሃት ነው የሰደድካት?»

የተሰበረውን ክሊፕ በጣቴ አገላበጥኩት። ፈረጅ መልሴን ይጠብቃል።