የሦስት ሜትር መግቢያ

የሳህሉ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ወዲህ ሚስቱ ዕንቁ በሳምንት ሦስት ቀን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ታወጣዋለች። ለኩላሊት እጥበት የሚወስደው መኪና ጀርመን አገር ዚንድሊንገን ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ መቆም አይችልም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አውቶቡስ ያልፍበታል፣ መኪና ማቆም ክልክል ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ ማዕዘኑ ላይ ይጠብቃቸዋል። እስከዚያ ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ ድንጋዩ የተነቃነቀ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ጠዋት ወንበሩ በረዶ ላይ ተንሸራተተና ሳህሉ በጎኑ ወደቀ። ዕንቁ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ልታነሳው አልቻለችም። ሰው እስኪደርስላቸው ካፖርቷን አልብሳው አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"በቃ!" አለች ያን ዕለት። "ከእንግዲህ መኪናው እዚሁ ደጃችን ይገባል።"

ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ከቤታቸው ፊት ስድስት ሜትር የሚረዝም የአትክልት ቦታ አለ። አጥሩ ተነስቶ፣ የመንገዱ ጠርዝ ዝቅ ብሎ፣ መሬቱ ድንጋይ ቢነጠፍበት፣ መኪናው ገብቶ ሳህሉን ከበሩ ሥር ያነሳዋል። የሰፈሩ ፕላን ግን የቤቶቹ ፊት አትክልት ሆኖ እንዲቀር ያዛል። ከዚህ ደንብ ነጻ የሚያደርገውን ልዩ ፈቃድ፣ ጀርመኖቹ ቤፍራይዩንግ የሚሉትን፣ ማግኘት ነበረባት። ለከተማው የግንባታ ቢሮ አመለከተች። ከአራት ወር በኋላ መልሱ መጣ፤ አልተፈቀደም።

ልጃቸው ሕሊና ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ማማ፣ ላስ ኤስ" አለች፤ ተዪው ማለቷ ነው። "ፕሮይንገስሃይም ሰፈር አሳንሰር ያለው አዲስ ቤት አይቻለሁ። ይሄንን ሽጣችሁ እዚያ ግቡ።"

"አባትሽ ሠላሳ ዓመት ኬሚካል ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራ የገዛውን ቤት? አንድ ደብዳቤ ፈርተን እንውጣ?"

"ደብዳቤ አይደለም፣ ሕግ ነው።"

"መቃወምም ሕግ ነው። እስቲ ከታች ያለውን አንብቢው።"

ከታች፣ በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ መቃወም እንደሚቻል ይላል። ዕንቁ የዚያኑ ዕለት ተቃውሞዋን ጻፈች። ሕሊና ጀርመንኛውን ላርምልሽ ብትላት "አትንኪው፤ እኔ እንደምናገረው ይሁን" አለቻት። ደብዳቤው አጭር ነበር። ውሳኔውን የሰጠው ሰው መጥቶ መንገዱን በዓይኑ ይይ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንወጣለን ይላል።

ቢሮው ከሰዓት በኋላ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ሰጣት። "የእጥበቱ መኪና ከሰዓት በኋላ አይመጣም" ብላ መለሰችው።

በመጨረሻ አንድ ዝናባማ ማክሰኞ ጠዋት አቶ፣ በእነሱ ሄር፣ ሊንደማን የሚባል ወጣት ባለሥልጣን መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። ለእርስዎ ብንፈቅድ ጎረቤቶችም ይጠይቃሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ ድንጋይ ይሆናል ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ዕንቁ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ የወንበሩን እጀታ ለቀቀች።

"ይግፉት" አለችው።

"ይቅርታ?"

"መንገዱን ሊያዩ አይደል የመጡት? ይግፉት።"

ሳህሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ "ተይ ዕንቁ፣ አታዋርጂኝ" አላት በአማርኛ።

"የሚዋረደው አንተ አይደለህም" አለችው።

ሄር ሊንደማን መዝገቡን ለዕንቁ ሰጥቶ መግፋት ጀመረ። ገና ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ መንኮራኩሩ ድንጋይ መሐል ተቀረቀረ። ሲታገል አውቶቡስ አለፈና የጭቃ ውሃ ሁለቱም ላይ ረጨባቸው። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ልብሱ በዝናቡ ይሁን በላቡ ሳይታወቅ ርሶ ነበር። ተመልሶ ሜትሩን አወጣና የአትክልት ቦታውን ለካ።

በበጋው መጨረሻ ፈቃዱ መጣ። ስፋቱ ሦስት ሜትር፣ በመሐሉ ሣር የሚያሳልፍ ባለቀዳዳ ድንጋይ፣ ቀሪው አትክልት አይነካም። ሕሊና ጮክ ብላ እያነበበች መጨረሻው ላይ ዝም አለች።

"ምነው ቆምሽ?" አላት አባቷ።

"ተጠቃሚው ሲሞት መግቢያው በሦስት ወር ውስጥ ፈርሶ አትክልቱ ይመለስ ይላል።"

ሳህሉ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። "እኔ ስሞት ሣር ይብቀልበት ነው የሚሉት?"

ዕንቁ አልሳቀችም። ስልኩን አንስታ ለሄር ሊንደማን ደወለች።

"ሥራውን እጀምራለሁ። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ግን ያውጡት።"

"እሱ እኮ ሁልጊዜ የምንጽፈው ነው።"

"እናንተ ሁልጊዜ ትጽፉት ይሆናል። እኔ የባሌን ሞት ቀጠሮ አድርጌ አልፈርምም። ደግሞ እዚህ ቤት የሚያረጅ ሌላም ሰው አለ።"

ይህንኑ በጽሑፍ ላከች። ሕሊና በዚህኛው አልተከራከረችም፤ እንዲያውም ደብዳቤውን ራሷ ፖስታ ቤት ወስዳ በአደራ ላከችው። ከስድስት ሳምንት በኋላ የተስተካከለው ደረሰ። መግቢያው በቤቱ ውስጥ መራመድ የሚቸገር ሰው እስካለ ድረስ ይቆያል ይላል። ስለ ሞት የሚያወራው መስመር የለም።

ድንጋዩ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላ እያለ ገባ። ሳህሉ ለባብሶ በሩ ላይ መጠበቅ ከጀመረ ቆይቷል።

"ዛሬ ፈጠናችሁ" አለ ሹፌሩ።

"ዛሬ የዘገየኸው አንተ ነህ" አለው ሳህሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን የማያውቁት መኪና መግቢያውን ዘግቶ ቆሞ አድሮ አገኙት። ሳህሉ "እንግዲህ ምን ይደረጋል..." ብሎ ሳይጨርስ፣ ዕንቁ በነጠላ ጫማዋ ወጥታ የመጀመሪያውን ጎረቤት ደወል ስትደውል ተሰማ።