ማዕዘን ያወጣው ክብ

ምላጭ ነው የሚሏት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን በምላሷ የተነሳ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፍቷል። በዚያ ላይ ከአክስቷ ጥራዝ ቤት ሥራ ገብታ ቀኑን ሙሉ ከስለት ጋር ስትውል፣ ቅጽል ስሙ ልክ በልኳ እንደተሰፋ ልብስ ገጠመላት። ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጠችው ጂኦሜትሪ አንገሽግሿት እንደሆነ ለሰው ሁሉ ታወራለች። እውነቱ እናቷ ሞታ፣ አሳዳጊ አያቷ ዓይናቸው ደክሞ፣ ቤቱን የሚደግፍ ሰው መጥፋቱ ነበር። ይህን ሲናገሩት ያስለቅሳል፤ ስለዚህ ጂኦሜትሪን መስደብ ይሻላል።

የአያቷ ነገር ደግሞ ተቃራኒ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦሜትሪ ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ናቸው። የጥንት ግሪኮችን ነገር ሲያነሱ ከግድግዳው ማዶ ስለሚኖሩ ጎረቤቶች የሚያወሩ ይመስላሉ።

«እነዚያ ሰዎች ሥራ የሚባል አልነበራቸውም እንዴ አባባ?» ትላቸዋለች። «አንዱ ጥላ ሲለካ ይውላል፣ አንዱ ከገንዳ ወጥቶ ራቁቱን መንገድ ለመንገድ ይሮጣል።»

«ጥላ የለካው በዚያች ጥላ ምድርን ለካ። አንቺ ጥላ ብትለኪ ምን ታገኛለሽ?»

«ምሳ ሰዓት መድረሱን።»

ይስቃሉ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

አንድ ታሪክ ግን አይሳቅበትም። ከተማው በጠላት ተይዞ፣ ሰው እግሬ አውጪኝ ሲል፣ አሸዋ ላይ ክብ እየሣለ የቀረ ሽማግሌ ነበር፤ ያው ከገንዳው የሮጠው ይላሉ። ወታደር መጣ፣ ሰይፍ መዘዘ፣ ክቡም ሽማግሌውም አንድ ላይ አለቁ።

«ታዲያ ለምን አልሮጠም?» አለች ምላጭ አንዴ። «ራቁቱን ለመሮጥ ያላፈረ ሰው፣ ሞት ሲመጣ አሸዋ ላይ መቀመጥ!»

«አልጨረሰም ነበራ» አሏት።

በቤቱ አንድ ሕግ አለ። ግሪኮቹ «ይመስለኛል» ማለት አያውቁም፤ ያወቀ ያሳያል። ምላጭ «እጄን ታጥቤያለሁ» ብትል እንኳ አያቷ መዳፋቸውን ዘርግተው «አሳዪኝ» ይላሉ።

ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ዋጋ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። አያቷ በወጣትነታቸው ግሪኮቹ ስለ ክብና ስለ ሦስት ማዕዘን፣ ስለ ጥላና ስለ ከዋክብት የደረሱበትን ከየቦታው ለቃቅመው፣ በገዛ ቋንቋቸው በእጃቸው የጻፉት። ሥዕሉን የሠራችው ሚስታቸው ናት፤ ምላጭ እማማ ትላት የነበረችው ሴት አያቷ። እማማ በመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤት ካርታ ስትነድፍ የኖረች ሴት ነበረች። ሥዕሎቿ ከመጽሐፉ ገጽ የሰፉ ስለነበሩ፣ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ጎኑ ከመጽሐፉ ጀርባ ተሰፍቶ፣ ሌላው ግማሹ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስትሥል ብዕሩን እስኪሰረጉድ ትጫነው ነበር። ባሏ «ወረቀቱ ምን በደለሽ?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር አሉ።

እማማ ሞተች። ቆይቶ የአያቷም ዓይን ዘይት እንዳለቀበት ኩራዝ ጭል ጭል ብሎ ጠፋ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ መጫን ለምን እንደጠቀመ ታወቀ። ፎቶ ለማያይ ሰው ምን ያደርጋል? የእማማ መስመር ግን በጣት ይነበባል። አያቷ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጡና አንዱን ሥዕል ይዘረጋሉ። መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ጥፍር የኮምፓሷ እግር የወጋበትን ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ማዕከሉን። እሱን ካገኙ በኋላ ወደ መስመሩ ይወጡና ዞረው፣ ዞረው፣ የጀመሩበት ይመለሳሉ።

«ዛሬም እጄን ይዛ አዞረችኝ» ይላሉ። ከዚያ ቁርስ ይበላሉ።

አንድ ጠዋት ግን የመጽሐፉ ክር በስብሶ ኖሮ፣ አንድ ወረቀት ሾልኮ ወደቀ። አያቷ ሳያውቁ ወንበራቸውን ሲስቡ የወንበሩ እግር ጥጉን ቀደደው። በጉልበታቸው ተንበርክከው ወለሉን ሲዳብሱ ምላጭ አየቻቸው። እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ይስጡኝ አባባ። እኔ እጠርዘዋለሁ።»

«አንቺ?»

«ስንት ደብተር የጠረዝኩ ሰው ነኝ!»

«ደብተር ባዶ ነው። ባዶ ነገር ቢበላሽ ያው ባዶ ነው።»

«አላመኑኝም ማለት ነው።»

መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሳዪኝ።»

የጠረዘችውን ደብተር ሮጣ አመጣች። ጀርባውን ዳበሱት፣ ገጾቹን ጎተቱ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩት። እንከን አጡ። መጽሐፉን ግን ወዲያው አልሰጧትም፤ ደረታቸው ላይ ይዘውት ትንሽ ቆዩ።

አክስቷ መጽሐፉን ስታይ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ነው የተቀበለችው።

«የእናቴ እጅ ነው ያለበት» አለች። «ክሩን ትቀይሪያለሽ፣ ጀርባውን በሙጫ ታጠነክሪያለሽ፣ ልባስ ታለብሺዋለሽ። ወደ መቁረጫው እንዳታስጠጊው። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«መስማት አለ፣ መስማት አለ።»

«ሁለቱንም ሰማሁ።»

አክስቷ ስቃ የታሰሩ ደብተሮች አስጭና ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄደች።

ምላጭ ሥራውን ስትጀምር ዘፈን እያንጎራጎረች ነበር። የበሰበሰውን ክር ፈታች፣ ወረቀቶቹን ደርድራ እንደገና ሰፋች። ስፌቱ ያማረ ነበር፤ ይህን ማንም አይክዳትም። ችግሩ የመጣው መጽሐፉን አቁማ ስታየው ነው። ጠርዙ አይጥ የበላው ይመስላል፤ አንዱ ገጽ ወጣ፣ ሌላው ገባ። የእማማ ሥዕሎች ደግሞ ባሱ። እጥፋቸው ከሌሎቹ ገጾች ጠርዝ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ቀርቷል፤ አንድም ከጠርዙ እኩል የታጠፈ የለም።

በደብተር ሥራ ይህ ነውር ነው። እዚያ ሁሉ ነገር እኩል መሆን አለበት፤ እኩል ያልሆነ ይጣላል። ምላጭ የምታውቀውም ይህንኑ ነው።

«ነፍሷን ይማርና እማማ መሣል እንጂ ማጠፍ አልሆነላትም» አለች ለራሷ።

አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። የድሮውን እጥፋት ከአጥንት በተሠራው ማጠፊያዋ አስተኛች፣ አዲሱን እጥፋት ከገጾቹ ጠርዝ ጋር ልክ አድርጋ አወጣች። ሲያልቅ ደስ አላት። የአባባ ጣት ይህን እኩልነት ሲነካ ምን እንደሚል በዓይነ ኅሊናዋ ታያት። የቀረው አይጥ የበላው ጠርዝ ብቻ ነው። ትንሽ ነው፤ የጣት ስፋት። አክስቷ «አታስጠጊው» ያለችው ለማያውቅ ሰው ነው፤ እሷ ደግሞ ታውቃለች።

መጽሐፉን ከማሽኑ ሥር አስገባች፣ መያዣውን አጠበቀች፣ የስለቱን እጀታ በሁለት እጇ ወደ ታች ሳበች። ክርችም። ጠርዙ እንደ መስታወት ለሰለሰ። በጉንጯ ነካችው። የወደቁትን ቀጫጭን ወረቀቶች ከደብተሮቹ ቁርጥራጭ ጋር ጠርጋ ጆንያ ውስጥ ከተተች። ከሰዓት የካርቶን ፋብሪካው መኪና ሲመጣ፣ ጆንያውን በትከሻዋ ተሸክማ ሹፌሩን «ክብደቴን እንዳትጨምርበት» እያለች የጫነችው ራሷ ናት። ከዚያ ጀርባውን ሙጫ ቀባች፣ ልባሱን አለበሰች፣ ከመጫኛው ብረት ሥር አድርጋ አሳደረችው።

በማግስቱ ጠዋት መጽሐፉን አውጥታ ስትከፍተው ግማሽ ክብ እግሯ ሥር ወደቀ።

ቀጥሎ ሌላ ግማሽ። ቀጥሎ ሌላ። ከአዲሱ እጥፋት ወዲህ ያለው ግማሽ እንደተሰፋ ነው፤ ከእጥፋቱ ወዲያ ያለው ሁሉ ተቆርጦ ልቅ ሆኗል። በሁለቱ መካከል የነበረው ቀጭን ወረቀት፣ የኮምፓስ ቀዳዳው ያለበት፣ ማዕከሉ ያለበት፣ የለም።

ያን ጊዜ ገባት። እማማ ማጠፍ ያልሆነላት ሰው አልነበረችም። ካርታ ከሚጠርዙ ሰዎች ጋር የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ቀን አንድ ጠራዥ ስለት እንደሚያነሳ ታውቅ ነበር። ስለቱ እንዳይደርስባቸው ብላ ነበር ወደ ውስጥ የሸሸገቻቸው። ከተሸሸጉበት ጎትታ አውጥታ ለስለቱ የሰጠቻቸው የገዛ ልጅ ልጇ ሆነች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ምላጭ የምትለቅመው እንኳ ካለ ብላ እስከ ካርቶን ፋብሪካው ሮጠች።

«አንቺ ልጅ! ወዴት ነው?» አለ የበሩ ዘበኛ።

«ትናንት የመጣ ጆንያ አለ። ወረቀቴ ገብቶበት ነው።»

«እዚህ እኮ የሚመጣው ሁሉ ወረቀት ነው።»

«ጋሼ፣ በእናትዎ!»

ዘበኛው ፊቷን አየና ቀልዱን ተወው። ወደ ውስጥ ወስዶ ከትልቁ ገንዳ አፍ ላይ አቆማት። ከታች አመድ የመሰለ ገንፎ ይሽከረከራል፤ ሆዱ ውስጥ የሆነ ብረት ያጉረመርማል።

«የትናንቱ ይኸው» አለ።

«ክብ ነበረበት» አለች።

«ምን ነበረበት?»

«ክብ።»

ዘበኛው የሚሽከረከረውን ገንፎ አየ። «አሁንማ ሁሉም ክብ ሆኗል» አለ፣ ሊያስቃት ብሎ። ደግ ሰው ነበር። እሷ ግን ሳቅ የሚባለው ነገር በየት በኩል እንደሚወጣ ጠፋባት።

ጥራዝ ቤት ስትመለስ አክስቷ ግማሾቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ቁጭ ብላለች። አልጮኸችም።

«ብትመቺኝ ይሻላል» አለች ምላጭ።

«ብመታሽ ይቀጠላል?» አክስቷ አንዱን ግማሽ በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው። «እናቴን እኮ ነው የቆረጥሽብኝ።»

«እለጥፈዋለሁ። ዓይናቸው አያይም እኮ።»

«ጣታቸው ያያል። ሄደሽ ንገሪያቸው።»

አልሄደችም። ቀኑን ሙሉ ግማሽ ከግማሽ ጋር አገናኝታ ከኋላ በስስ ወረቀት ለጠፈች። መሐሉ ስለጠፋ ክቦቹ ሲገናኙ ከሁለት ጎን ተጨፍልቀው ምስር መሰሉ። ከላይና ከታች ሹል አወጡ። ቢሆንም መጋጠሚያው እኩል ነበር፤ በጣም እኩል።

በማግስቱ አያቷ መስኮቱ ሥር ሆነው የሙጫው ሽታ ከእሷ ቀድሞ ደረሳቸው።

«መጣች?» አሉ። መጽሐፉን መጣ አይሉም፤ መጣች ነው የሚሉት።

«መጣች።»

«ተጠገነች?»

ለሹፌር፣ ለግሪክ ሁሉ መልስ ያላት ምላጭ መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረች።

«ተጠግኗል» አለች።

መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሳዪኝ።»

ሰጠቻቸው። ጀርባውን ዳበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተለሰለሰውን ጠርዝ ሲነኩ ጣታቸው ትንሽ ቆመ። የመጀመሪያውን ሥዕል ዘረጉና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ቀዳዳውን ፈለጉ። ወደ ግራ ሄዱ። ወደ ቀኝ ሄዱ። ጥፍራቸው መጋጠሚያው ላይ እየተመላለሰ ፈለገ፣ ፈለገ። ከዚያ ማዕከሉን ትተው ወደ መስመሩ ወጡ። ዞሩ። ከላይ ሲደርሱ ጣታቸው ሹሉ ላይ ተደናቀፈ።

እንደገና ዞሩ። እንደገና ተደናቀፉ።

«ክብ ማዕዘን የለውም» አሉ፣ በጣም በቀስታ፣ ትንሽ ተማሪ እንዳያስደነግጡ የፈሩ ይመስል።

ምላጭ ያንን አሸዋ ላይ የቀረ ሽማግሌ አሰበችው። እሱን የገደለው ቢያንስ ጠላት ነበር።

«ቆረጥኩት አባባ» አለች። «እማማ ያጠፈችውን ቀየርኩና ቆረጥኩት። መሐሉ ጠፋ። ፋብሪካ ድረስ ሄጄ ነበር። የለም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

የቀሩትን አልዘረጉም። መጽሐፉን ዘግተው ልባሱን በመዳፋቸው ጠረጉት።

«ስፌቱ ጥሩ ነው» አሉ። «አሁን አይፈታም።» ከዚያ ወደ እሷ አቅጣጫ አቀበሏት፤ አቅጣጫውን ትንሽ ስተውት ስለነበር ሁለት እርምጃ ሄዳ ተቀበለች።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቋትም። አልተቆጧትም፣ «አሳዪኝ» ማለትም ተዉ። «በሉ?» ለሚል ሰው «በላሁ»፣ «ተኙ?» ለሚል «ተኛሁ» ይላሉ፤ ማስረጃ የሚፈልግም የሚሰጥም የለም። ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ምላጭ ወደ ሥራ ስትወጣ በበሩ ስንጥቅ ታያቸዋለች። አውራ ጣታቸው ባዶው ጠረጴዛ ላይ ጥፍሩን ተክሎ ይቆያል። ከዚያ ሌላው ጣት መዞር ይጀምራል፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ እንጨቱ ላይ የሚመራው ነገር የለምና።