አክስቴ፣ ሶኬቱን አትንኪ

ወንድሜ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የጻፈው በአክስቴ የስፌት ክፍል ውስጥ ነው። ኮምፒውተርን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሥራ የሚያሲዘውን ፕሮግራም ማለቴ ነው። ያሳደገችን አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ያለው ሶኬት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር። የወንድሜ ኮምፒውተር፣ የአክስቴ ካውያና የእኔ ጸጉር ማድረቂያ እሱን ሲሻሙ ይውላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ የአሥራ አንድ ቀን ሥራው ድራሹ ጠፍቷል። ሥራን ማስቀመጥ የሚባለውን ክፍል ገና አልጻፈውም ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ አክስቴን አኮረፈ። እሷም «እኔ አይደለሁም» ብላ አንዴ ተናግራ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሥራውን እንደ አዲስ ሲጽፍ፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ከሁሉም በፊት የሚታይ አንድ መስመር አስገባበት፦ «አክስቴ፣ ሶኬቱን አትንኪ።»

ከዚያ ሲስተሙን ለዓለም በነጻ ሰጠ። የፈለገ ይውሰደው፣ ውስጡን ይየው፣ ይጠግነው፣ ለሌላም ያሳልፈው አለ። ጎረቤቶቻችን በነጻ የሚሰጥ ነገር መቼም ጤነኛ አይሆንም ብለው ነበር። ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ አንዲት አስተማሪ ከማተሚያ ጋር አስማማችው፤ አንድ የመርከብ ምግብ አብሳይ ወደኋላ የሚቀረውን ሰዓት አቃናለት። በሃያ ዓመት ውስጥ ከወንድሜ ጽሑፍ ያልተነካ መስመር አልቀረም፣ ከዚያችው ከአንዷ በቀር። እሷን ካነሷት ማሽኑ አይነሣም የሚል ወሬ ነበር። ጭራሽ የሲስተሙ ዓርማ ካውያ የያዘች ሴትዮ ሆነች።

አክስቴ ይህን ሁሉ አታውቅም ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ነርሷ ኮምፒውተሩን አብርታ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ አነበበች፦ «አክስቴ፣ ሶኬቱን አትንኪ።» ሶኬቱ አጠገብ የተቀመጠችው አክስቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ነገሩን ስታጣራ ግን ተነሥታ ወጣች። ያ መስመር ሳይጠፋ እዚያ ክሊኒክ እግሬ አይረግጥም አለች። ቀዶ ሕክምናው ሳምንት ቀርቶታል፤ እሷ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ወር አልፏል።

ወንድሜን ያዝኩት። ሲስተሙ የእሱ ብቻ መሆኑ ድሮ ቀረ፤ መስመር መቀየር የፈለገ ምክንያቱን በአደባባይ ጽፎ ሰው ይመክርበታል አለኝ። ጻፍኩ። አክስቴን አስከፍቷታል አልኩ። ሰባ ሰው ተከራከረ፤ አንዱ ማሽኔ ቢሞትብኝስ ይላል፣ ሌላው ካውያዋን ለምደናታል ይላል። በመጨረሻ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ጻፈ፦ «አክስትዎ ሶኬቱን ነቅለዋል ወይስ አልነቀሉም? ካልነቀሉ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ይታረማል።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔዋ ሃያ ዓመት አድራለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «አልነቀለችም፤ እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። «አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ጸጉሬን ላደርቅ ብዬ ነው።»

ለአክስቴም ወንድሜ ባለበት ነገርኳት። የሚያርፍብኝን ስጠብቅ፣ እሷ የልብስ መለኪያዋን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

«ያን ቀን እኮ ካውያዬ ጥገና ቤት ነበር» አለች። «የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። እኔማ ድሮም ደፍቼ ነበር።

እርማቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጸደቀ፤ ማሽኖቹም ምንም አልሆኑም። አዲሱ ዓርማ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብቻ ጸጉሯ እርጥብ ነው።

ዓይኗ ተሠርቶ ፋሻው የተነሣ ጠዋት፣ ነርሷ ኮምፒውተሩን አበራች። አክስቴ ከወንበሯ ጎንበስ ብላ ያለ ማንም እርዳታ አነበበች፦ «እህቴ፣ ሶኬቱን አትንኪ።» ወደ እኔ ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ የነርሷን ክንድ ያዝ አደረገች።

«እስቲ አጥፊና እንደገና አብሪው፣ ልጄ።»