የአግሪፒና ጥፋት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጽሐፍ የምናነበው እኔ ቤት ነበር፤ ሞሎ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር። አራት ነበርን። ማም ፑሪፊካሲዮን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ የሰፈሩን እኩሌታ ስላስተማሩ ዛሬም ስናያቸው ጀርባችንን ቀጥ እናደርጋለን። ማኖንግ፣ ማለትም ታላቅ ወንድም፣ የምንላቸው ቴርዮ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት አርጅተው ከዳኞቹ የበለጠ መፍረድ የለመዱ ሰው ናቸው። ማናንግ፣ ታላቅ እህት፣ የምንላቸው ሄርሚኒያ የሙሽራ ልብስ ይሰፋሉ። እኔ ፌሊሳ ደግሞ አዋላጅ ነበርኩ፤ በዕድሜ ከሁሉም ስለማንስ ኢንዳይ፣ ልጅት፣ ይሉኛል፤ ካላማንሲ የሚባለውን የትንሽ ሎሚ ጭማቂ የማቀርበውም፣ ጠብ ሲነሳ የምገላግለውም እኔው ነኝ።

ማኖንግ ቴርዮና ማናንግ ሄርሚኒያ አይነጋገሩም። ቴርዮ የሄርሚኒያ ባል ታላቅ ወንድም ናቸው። ባልየው ዴልፊን የወደብ ሠራተኞችን ማኅበር ያደራጅ ነበር፤ መንግሥት ተቃዋሚን እያፈሰ በሚያጠፋበት በወታደራዊው አዋጅ ዘመን አንድ ማለዳ ከቤት እንደወጣ ቀረ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። ይመለሳል የሚለው ተስፋ ተሟጥጦ በመጨረሻ ጸሎት ሲደረግለት፣ ማኖንግ ቴርዮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥተው፣ "አብረሽው የምታድሪ ሚስቱ ሆነሽ እንዴት አላወቅሽም?" አሏቸው። ማናንግ ሄርሚኒያ አንዲት ቃል አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ አንዳቸው ወደ ሰማይ አንዳቸው ወደ ምድር እያዩ ይተላለፋሉ።

ሁለቱንም ወደ ንባቡ የጋበዟቸው ማም ናቸው፤ አንዱ ስለ ሌላው መጋበዝ አልሰማም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሲገናኙ ሁለቱም ክው አሉ። ግን ቀድሞ መውጣት መሸነፍ መሰላቸውና ሁለቱም ቀሩ፤ የሚባባሉትን ሁሉ ግን በማም በኩል ነበር የሚያስተላልፉት።

"ማም፣ ብስኩቱን ያቀፉትን ሰውዬ ወዲህ እንዲያሳልፉ ይንገሩልኝ፣" ይላሉ ማናንግ ሄርሚኒያ።

"ማም፣ ብስኩቱ እግር የለውም፣ እጅ ያለው ሰው መጥቶ ያንሳ ይበሉልኝ።"

ያን ጊዜ የያዝነው ስፔናውያን አገራችንን በገዙበት ዘመን ስለተነሳው አመፅ የተጻፈ አሮጌ ልብ ወለድ ነበር፤ ተማሪ ሳለን ሁላችንም አንብበነዋል ብለን ዋሽተን ያለፍነው። ጋውዴንሲዮ የሚባል ጀልባ ቀዛፊ ለሚስቱ ለአግሪፒና ሳይነግር ከአማፂዎቹ ጋር ይሠራል፤ መጨረሻ ላይ ወታደሮች ባሕሩ ዳር ይረሽኑታል።

"እስቲ፣" አሉ ማም፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣ "ደራሲው ይህን ሞት ከየት ጀምሮ ነው የጠቆመን?"

"ገና ከመነሻው!" ማኖንግ ቴርዮ ዘለው ገቡ። "ዓሣ በሚግተለተልበት ወር ጀልባውን ጎትቶ አወጣና ጥቁር ቀለም ቀባው። ማን ነው በዓሣ ወር ጀልባ የሚቀባ? ቀጥሎ ሚስቱን መረብ መጠገን አስተማራት። የልጅህን የሠርግ ቀን ቁረጥ ሲሉት 'ዝናቡ ይለፍ' አለ። ዕውር እንኳ በዳበሳ ያውቀዋል!"

"እኔ አላወቅኩም፣" አልኩ። "ጀልባ ቀባ ብዬ አለፍኩት።"

"አንቺማ ኢንዳይ፣ ምጥ ካልሆነ በቀር የሚመጣ ነገር አይታይሽም።"

ሳቅን። ማናንግ ሄርሚኒያም ከንፈራቸውን በመሀረባቸው ሸፈኑ።

"ይሄ ንግር ይባላል፣" አሉ ማም። "የሴራው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ደራሲው የሚሆነውን አስቀድሞ በትንሽ ነገር ያመለክተናል። አንባቢ ያያል፤ ባለታሪኳ አታይም።"

"ለምን አታይም? ዓይን የላትም?" ማኖንግ ቴርዮ መጽሐፉን በመዳፋቸው መቱት። "እኔ በወረቀት ላይ ያየሁትን እሷ በቤቷ ውስጥ እንዴት ታጣዋለች? ለእኔ ጋውዴንሲዮን የገደለው የአግሪፒና እንቅልፍ ነው።"

"የተኮሱት ወታደሮችስ?"

"ወታደር ወታደር ነው፣ ማም። ከወታደር ምን ይጠበቃል? የማወራው ስለ ሚስት ነው።"

ስለ የትኛዋ ሚስት እንደሚያወሩ ሁላችንም ገብቶናል። ጭማቂ ልጨምር ብዬ ተነሣሁ። ማናንግ ሄርሚኒያ ግን አቀርቅረው ገጽ ይገልጡ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ብዙ ቅዳሜ ሄደ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ማኖንግ ቴርዮ አንድ አዲስ ምልክት ያገኛሉ፣ በአግሪፒና ላይ አንድ ክስ ይጨምራሉ። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጨረስን ቀን ግን ፍርዳቸውን ሊሰጡ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ፣ ማናንግ ሄርሚኒያ መጽሐፉን ዘጉና ቀና ብለው አዩአቸው። በማም በኩል አልዞሩም።

"ዴልፊን በዚያ ወር ቀለም ገዛ፣" አሉ። "ለወጥ ቤቱ። ጣሪያውን ጠገነ። ጥርሱን ተነቀለ። ተዋጊ አውራ ዶሮ ገዛ፤ ዶሮው ሳምንት ሳይሞላው ሞተና እንደ ልጅ አለቀሰለት። ጊታር ካልተማርኩ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አደነቆረ። የቱን ነው ማንበብ የነበረብኝ? ንገሩኛ። ያን ቀን ማታ ቤቱ ቢገባ ኖሮ ቀለሙም ቀለም፣ ዶሮውም ዶሮ ሆኖ ይቀር ነበር። አንባቢ መጨረሻውን ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል። አግሪፒና ምን ይዛ ትመለስ?"

ማኖንግ ቴርዮ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አንድም አላየሽም? አንዲት ነገር እንኳ?" አሏቸው። በስንት ዓመታቸው ያነጋገሯቸው ያን ጊዜ ነው።

"አንድ አይቻለሁ። ከወደቡ ሲመለስ መንገድ ቀየረ፤ በወንዙ በኩል ዞሮ መምጣት ጀመረ። ፈራሁ። 'ወንድምህ ፍርድ ቤት ነው የሚሠራው፤ ስምህ ተነሥቶ እንደሆነ አይሰወረውም፣ ሂድና ጠይቀው' አልኩት። ወደ አንተ ነው የላክሁት፣ ቴርዮ።"

ማናንግ ሄርሚኒያ የባላቸውን ታላቅ ወንድም 'አንተ' ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በቁጣ አልነበረም፤ ልጅ እንደሚጠሩ ነው የጠሯቸው።

ማኖንግ ቴርዮ መጽሐፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "መጥቷል፣" አሉ። "ቢሮዬ መጣ። ጋብዞኝ የማያውቅ ልጅ ምሳ እንብላ አለኝ። ችሎት አለብኝ፣ ሰኞ ና አልኩት።"

"አውቃለሁ። ቴርዮ ሥራ በዝቶበታል፣ ሰኞ እሄዳለሁ አለኝ።"

ሰኞ ሳይደርስ ነው ዴልፊን የቀረው።

ማም ፑሪፊካሲዮን መነጽራቸውን አወለቁ። "ሄርሚኒያ፣ ታዲያ በጸሎቱ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲናገርሽ ለምን ዝም አልሽ?"

"አማቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበራ። የቀራቸው አንድ ልጅ ነው፤ እሱንም እንዲጠሉት ላድርግ? እሳቸው ሲያርፉ እነግረዋለሁ አልኩ። ሲያርፉ ደግሞ ተቆጥቼ ነበር። ቁጣው ሲበርድልኝ አረጀሁ።"

ማኖንግ ቴርዮ ተነሡ። መጽሐፋቸውን እንኳ ሳያነሱ በግቢው በር ወጥተው ሄዱ።

ለብዙ ሳምንት አልመጡም። ማም በጠዋት ቅዳሴ ላይ ከኋላ ተቀምጠው እንዳዩአቸው ነገሩኝ። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ብጠራቸው፣ "ምን ፊት አለኝ፣ ኢንዳይ?" ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በመጨረሻ የጠሯቸው ራሳቸው ማናንግ ሄርሚኒያ ናቸው። በራቸው ላይ ቆመው፣ "ኑ እንጂ ማኖንግ፤ እርስዎ ከቀሩ ወዲህ ማም ብቻቸውን እያወሩ ሊገድሉን ነው፣" አሏቸው አሉ። መጡ። ከፊት ለፊት መቀመጥ ትተው ከማናንግ ሄርሚኒያ አጠገብ ተቀመጡ። ክርክር ግን ቀረ። ማም ምን ቢጠይቁ፣ "ምናልባት፣" "ሊሆን ይችላል፣" ነው መልሳቸው። ያን ጩኸታቸውን አንድ ቀን እናፍቀዋለሁ ብሎ ማን አሰበ!

ያን የዝናብ ወራት ንባቡ ሲያልቅ ሁለቱ እዚያው ማንጎው ሥር ይቀሩ ነበር። ወሬያቸው ዴልፊን ነው። ማኖንግ ቴርዮ የልጅነቱን ያነሳሉ፤ ከጎረቤት ታንኳ ሰርቆ ሊጠፋ ሲል መቅዘፍ አቅቶት ሲዞር ስለመዋሉ። ማናንግ ሄርሚኒያም ስለ ባልነቱ ያወራሉ፤ ስለ ቁርሱ፣ ስለ ማንኮራፋቱ፣ ስለማያልቅበት ቀልድ። ሲስቁ እስከ ጓዳዬ ይሰማኛል።

ዝናቡ ሲያባራ የማናንግ ሄርሚኒያ ልጅ ከምትኖርበት ከሩቁ ከዳቫዎ ከተማ መጣች። "ዓይንሽ ደክሟል፣ ብቻሽን አትኖሪም፣" ብላ ይዛቸው ሄደች። የልብስ ስፌት መኪናቸውን እንኳ ለመሸጥ ጊዜ አላገኙም፤ ማም ቤት ተቀምጧል።

አሁን ሦስት ነን። ባለፈው ማኖንግ ቴርዮ ሲወጡ በር ላይ ያዙኝና፣ "ዴልፊን ልጅ ሆኖ ምን ይመስል እንደነበር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ባል ሆኖ ደግሞ እሷ ብቻ፣" አሉኝ። "አንድ መንገድ ላይ ሆነን፣ ያን ሁሉ ዓመት እኩል እኩሉን ይዘን ተኮራርፈን ተቀመጥን።"

አሁን እሑድ እሑድ ወደ ዳቫዎ ስልክ ይደውሉላቸዋል። የማናንግ ሄርሚኒያ ጆሮ ከብዷል፤ ማኖንግ ቴርዮ ደግሞ የዴልፊንን ነገር በጩኸት ማውራት አይሆንላቸውም። "ምን በላሽ?" ብለው ይጮኻሉ። "ደህና ነኝ!" ይላሉ እሳቸው ከዚያ ማዶ።